«ከየትኛው ዕጢ?» የሚለው ጥያቄ ጉድለት፤ ስለ ሆርሞን፣ ስለ ሳንባና ስለ ሴል የምግብ አወሳሰድ አስተማመራችን የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሥነ ሕይወት ትምህርት ውስጥ በቃል እየተያዙ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፉ ፍቺዎች ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ «ሆርሞን ማለት በቱቦ አልባ ዕጢዎች ተመርቶ፣ በደም አማካይነት ተጓጉዞ፣ ርቆ በሚገኝ የሰውነት ክፍል ላይ ሥራውን የሚያከናውን ኬሚካላዊ መልእክተኛ ነው» የሚለው ነው። ፍቺው አጭርና ለማስታወስ የሚመች በመሆኑ በፈተና ወረቀት ላይ ዘወትር አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ፍቺና ከእርሱ ጋር ተያይዘው የሚሰጡ ሁለት ልማዳዊ አነጋገሮች በመምህራን ማሠልጠኛ አስተማመራችን ላይ ያስከተሉትን ጉድለት መመርመር ነው። ለመፈተኛነት የተመረጠውም ጉዳይ፣ ሆርሞን መሰል ንጥረ ነገሮች የሳንባ ሴሎች ምግባቸውን በሚወስዱበት ሁኔታ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ለማንሣት ምክንያት የሆነው በአንድ የመለማመጃ ትምህርት ላይ የታየ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ እጩ መምህር ሲያስተምር ለመገምገም ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ነበር። እጩ መምህሩ የሳንባን ሥዕል በሰሌዳው ላይ አሳምሮ ከሣለ በኋላ፣ ሳንባ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር የሚስብና የሚያስወጣ አካል መሆኑን አስረዳ። ከፊት ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዷ እጅዋን አውጥታ «ጋሼ፣ ሳንባ ለሰውነት አየር ይሰጣል፤ ለሳንባ ለራሱ ምግብ የሚሰጠው ማነው?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። እጩ መምህሩም «ሳንባ የሚተነፍስ እንጂ የሚበላ አካል አይደለም» ብሎ ወደ ቀጣዩ ነጥብ አለፈ። ልጅቱም እጅዋን አወረደች፤ እስከ ክፍለ ጊዜው ፍጻሜም ዳግመኛ አላወጣችም።

ከትምህርቱ በኋላ በተደረገው ውይይት እጩ መምህሩ የሆርሞንን ፍቺ አንዲት ቃል ሳያጎድል ተናገረ። ሴል ምግቡን እንዴት እንደሚወስድ ሲጠየቅ ግን «ይመጥጠዋል» ከማለት በቀር የሚጨምረው አልነበረውም። ስሕተቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይሆንም። የተናገረው እኛ ያስተማርነውን ነውና። የሥልጠና ጽሑፉን ካዘጋጁት መካከል የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አንዱ ነበር።

፩. ስለ ወናፍ

ሳንባን በወናፍ መመሰል ለአተነፋፈስ እንቅስቃሴ ትምህርት መጥፎ መነሻ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ምሳሌው መነሻ መሆኑ ቀርቶ መድረሻ ሲሆን ነው። ወናፍ የሞተ ቆዳ ነው። ሳንባ ግን ከ40 በላይ ዓይነት ሴሎች የሚገኙበት ሕያው አካል ነው። በ2004 በታተመ አንድ ቆጠራ መሠረት በአንድ ጎልማሳ ሰው ሳንባዎች ውስጥ በአማካይ 480 ሚሊዮን ያህል የአየር ከረጢቶች አሉ። የእነዚህ ከረጢቶች ግድግዳ የተሠራው ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ቅባት እየወሰዱ በሚኖሩ ሴሎች ነው። ከእነርሱም መካከል ሁለተኛው ዓይነት የከረጢት ሴል የሚባለው፣ ከረጢቶቹ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ፍጻሜ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርገውን ቅባታማ ፈሳሽ ይሠራል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ትንፋሽ የሚያጥረው በአብዛኛው ይህ ፈሳሽ ስለሚጎድለው መሆኑን በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጀሬ ሚድ አሳይተዋል። እንግዲህ ይህ ፈሳሽ ያለ ጥሬ ዕቃ አይሠራም፤ ጥሬ ዕቃውም ወደ ሴሉ መግባት አለበት።

ስለዚህ የተማሪዋ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነበረው። ዋና ዋናዎቹ የአየር ቧንቧዎች ከታላቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ በሚመነጩ ቅርንጫፎች አማካይነት ምግባቸውን ያገኛሉ። የከረጢቶቹ ግድግዳ ደግሞ በውስጡ ከሚያልፈው ደም ይመገባል። ሳንባም እንደ ማንኛውም አካል ይበላል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ይቻል ነበር፤ ወናፉ ግን መንገዱን ዘጋው።

፪. ስለ ፍቺው

ሆርሞን የሚለውን ቃል ለሳይንስ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ በ1905 ለንደን ውስጥ በሰጠው ንግግር ነው። ቃሉ «አነሣሣለሁ» ከሚል የግሪክ ግሥ የመጣ ነው። ስታርሊንግና ባልደረባው ዊልያም ቤይሊስ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1902፣ ሴክሬቲን የተባለውን ንጥረ ነገር አግኝተው ነበር። እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ሴክሬቲን የሚመነጨው ከትንሹ አንጀት ግድግዳ ነው። በመጽሐፍ ከሚዘረዘሩት ከአንገት፣ ከኩላሊት ጫፍ ወይም ከአንጎል ሥር ዕጢዎች ከአንዱም አይደለም። ስለሆነም በቃል የምናስጠናው ፍቺ ለሆርሞኖች ሁሉ በኩር ለሆነው ለሴክሬቲን እንኳ በሚገባ አይስማማም።

ለፍቺው ጉድለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነው የፕሮስታግላንዲን ታሪክ ነው። ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር በ1935 ይህን ስም ያወጣው፣ በወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥ ያገኘው ንጥረ ነገር ፕሮስቴት ከተባለው ዕጢ የሚመነጭ መስሎት ነው። ስሙ «ከየትኛው ዕጢ?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር ማለት ነው፤ መልሱም አልሆነም። በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የሚመነጨው ከሌላ ዕጢ ሲሆን፣ ኋላም የሰውነት ሴሎች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በሽፋናቸው ውስጥ ካለው ቅባት ፕሮስታግላንዲን እንደሚሠሩ ታወቀ። በዚህ ዘርፍ ለሠሩት ሥራ ሱነ በርግስትሮም፣ ቤንግት ሳሙኤልሶንና ጆን ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ከሦስቱ አንዱ የሆነው ቬን ከፌሬራ ጋር በ1967 ያሳተመው ሙከራ ለጉዳያችን ልዩ ጠቀሜታ አለው። በእንስሳት ላይ በተደረገው በዚህ ሙከራ፣ ኢ የሚባለው ወገን ፕሮስታግላንዲን በደም ተጉዞ ሳንባን አንድ ጊዜ ብቻ ሲያልፍ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከደሙ ይወገዳል። ይህ ማለት ሳንባ መልእክቱ ወደ ሩቅ እንዳይሄድ ያግደዋል ማለት ነው። መልእክቱ የጎረቤት መልእክት ነው፤ አንድ ሴል ይልከዋል፣ አጠገቡ ያለው ይቀበለዋል፣ ከዚያም ይጠፋል። ላኪው ራሱ የሚቀበልበት ጊዜም አለ። «በደም ተጓጉዞ ርቆ በሚገኝ አካል ላይ» የሚለው የፍቺው ሐረግ እንዲህ ላለው መልእክት ቦታ የለውም። ወናፍ ብቻ ነው የተባለው ሳንባም ደም የሚመረምርና የሚያጣራ የኬሚካል ሥራ ቤት ሆኖ ተገኘ።

፫. «መምጠጥ» ስለሚለው ቃል

ሦስተኛው ጉድለት በራሳችን ቋንቋ ውስጥ ያለ ነው። ሴል ምግብ ሲወስድ «ይመጥጣል» ማለት ልማድ ሆኗል። መምጠጥ ጨርቅ የፈሰሰ ውሃን፣ መሬት ዝናብን የሚቀበልበት አኳኋን ነው። የሚመጥጥ ነገር አይመርጥም፤ ዋጋም አይከፍልም። ሴል ግን ሁለቱንም ያደርጋል።

ለምሳሌ ያህል አንዳንድ አሚኖ አሲዶች ወደ ሴል የሚገቡበትን በር እንመልከት። በዚህ በር አሚኖ አሲዱ የሚገባው ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ነው። ሶዲየም ከሴሉ ውጭ ከውስጡ በአሥር እጥፍ ያህል ስለሚበዛ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ሲገባም አሚኖ አሲዱን ይዞ ይገባል። ይሁንና የገባው ሶዲየም ተመልሶ ካልወጣ ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሴሉ ጉልበት እያወጣ በእያንዳንዱ ዙር 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ይህን ፓምፕ ዴንማርካዊው ዬንስ ስኩ በ1957 ገልጾታል፤ በ1997ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኖበታል። እንግዲህ ሴሉ ለሚያስገባው ምግብ ቀረጥ ይከፍላል። ይህን «መምጠጥ» ማለት ዋናውን ነገር ማስቀረት ነው።

በየትምህርት ቤቱ የሚሠራው በጨው ውሃ ውስጥ የሚነከር የድንች ቁራጭ ሙከራም ይህንኑ የተሳሳተ ግንዛቤ ያጠናክራል። ሙከራው የውሃን ዝውውር ለማሳየት ደግ ነው። ነገር ግን መምህሩ «ይህ የውሃ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስኳርና አሚኖ አሲድ በር ይፈልጋሉ» ብሎ ወሰኑን ካላመለከተ፣ ተማሪው ሴል ሁሉ እንደ ድንች ቁራጭ የመጣለትን የሚቀበል ይመስለዋል።

፬. ሦስቱ ጉድለቶች የሚገናኙበት ጉዳይ

ከላይ የተነሡት ሦስት ነጥቦች በአንድ ሴል ላይ ሲገናኙ ጉዳቱ ይበልጥ ይታያል። በሳንባ ውስጥ ፋይብሮብላስት የተባለ የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴል አለ። ሥራው ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ፕሮቲን እያመረተ የሳንባን መዋቅር ማቆም ነው። በኮላጅን ውስጥ ከየሦስቱ አሚኖ አሲዶች አንዱ ግላይሲን ነው፤ ፕሮሊንም በብዛት ይገኝበታል። ስለዚህ ኮላጅን ለሚሠራ ሴል የአሚኖ አሲድ በር ዋና ጉዳይ ነው። የሰው ሳንባ ፋይብሮብላስትን ከአካል ውጭ ማራባት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተለመደ ሆኗል። ሌናርድ ሄይፍሊክ በፊላደልፊያ ያዘጋጀው ደብልዩ.አይ.-38 የተባለው የሴል ዘር የታወቀ ምሳሌ ነው።

በ1986 ጎልድስታይንና ባልደረቦቹ «ጆርናል ኦፍ ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ፣ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 በሳንባ ፋይብሮብላስቶች የአሚኖ አሲድ አወሳሰድና የፕሮቲን ምርት ላይ ያለውን ውጤት የሚመረምር ጽሑፍ አሳተሙ። የሥራቸው ፍሬ ነገር ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የአሚኖ አሲድን መግባት ይቀንሳል፣ የፕሮቲን ምርትም አብሮ ይቀንሳል የሚል ነው። በአንጻሩ ቲ.ጂ.ኤፍ.-ቤታ በመባል የሚታወቀው የእድገት መልእክተኛ በእነዚሁ መሰል ሴሎች የአሚኖ አሲድን መግባትና የኮላጅንን ምርት ይጨምራል። አንዱ በሩን ያጠብባል፣ ሌላው ያሰፋል ማለት ነው። ሁለቱም መልእክቶች እዚያው ሳንባ ውስጥ ከጎረቤት ሴሎች ሊነሡ የሚችሉ ናቸው።

ይህ ነገር የቤተ ሙከራ ወግ ብቻ አይደለም። በሳንባ ላይ ጠባሳ እየበዛ ትንፋሽ የሚያሳጥር በሽታ አለ። በ1995 የታተመ ጥናት፣ መንሥኤው ባልታወቀው በዚህ ሕመም ከተያዙ ሰዎች የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶች ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የማምረት አቅማቸው ከጤነኞቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የሚገታው መልእክት ሲጎድል ጠባሳ የሚሠራው ሴል ያለ ልጓም መቅረቱ ለመረዳት አያዳግትም።

አሁን እጩ መምህሩ የተማረውን ይዞ ወደዚህ ጉዳይ ቢመጣ ምን እንደሚያጋጥመው እናስብ። «ከየትኛው ዕጢ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዕጢ የለም። «በደም ወዴት ይሄዳል?» ይላል፤ አይሄድም። «ሳንባ ምን አገባው?» ይላል፤ ወናፍ ነውና። «ሴሉ ምግቡን መጥጧል» ይላል፤ በሩ ሲጠብና ሲሰፋ ግን አያይም። አራቱም ጥያቄና መልሶች በፈተና ሙሉ ነጥብ ያስገኙለት ነበር። ከእውነቱ ፊት ግን አንዳቸውም አልጠቀሙትም።

አንድ ተጨማሪ ነጥብም አለ። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የሚቀበሉት ተቀባዮች አራት ዓይነት ናቸው። ከእነርሱ ሁለቱ በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለውን የውስጥ መልእክተኛ ይጨምራሉ፤ አንዱ ደግሞ ይቀንሰዋል። ኧርል ሰዘርላንድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያገኘውና በ1971 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይህ የውስጥ መልእክተኛ ነው። እንግዲህ አንድ መልእክት በተለያዩ ሴሎች ተቃራኒ ውጤት ሊኖረው ይችላል። ትርጉሙን የሚወስነው ላኪው ብቻ ሳይሆን ተቀባዩም ነው። የዕጢዎችን ስም በሠንጠረዥ ማስጠናት ይህን ሊያስተምር አይችልም።

፭. ከሚዛን እንዳንወጣ

ይህ ሂስ በአንድ ወገን ብቻ እንዳያዘነብል ሦስት ነገሮችን መናገር ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ፣ የቆየው ፍቺ ሐሰት አይደለም። ለኢንሱሊን፣ ለታይሮክሲንና ለመሳሰሉት በሚገባ ያገለግላል። ጉድለቱ የአንድ ወገን መግለጫ ሳለ የጠቅላላው መግለጫ ተደርጎ መቅረቡ ነው።

ሁለተኛ፣ በሳህን ላይ በሚራቡ ሴሎች የተገኘውን ውጤት እንዳለ ወደ ሰው አካል ማዛወር ሌላ ስሕተት ነው። በሳህን ላይ ያለ ሴል ጎረቤቶቹን አጥቷል፤ ምግቡ ተትረፍርፎለታል፤ የትንፋሽ መሳብና መለጠጥ አያገኘውም። ከዚህም በላይ የአሚኖ አሲድ መግባትና የኮላጅን ምርት አብረው መቀነሳቸው አንዱ ለሌላው ብቸኛ ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የኮላጅንን ምርት ከምንጩ፣ ከዘር መመሪያው ላይ ሊገታ ይችላልና። በሩ አንድ መንገድ እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሴሉ ሊያስገባው እንጂ ፕሮቲን ሊያደርገው የማይችል ሰው ሠራሽ አሚኖ አሲድ ይጠቀማሉ። ይህ የገባው ነገር በኩሽናው ስለማይበስል፣ የሚለካው በሩ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ብልሃት ለእጩ መምህራን ከአሥር ፍቺ ይልቅ የሳይንስን አሠራር ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ «የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ፕሮስታግላንዲንን ማወቅ አያስፈልገውም፤ መምህሩም ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ፣ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም በመርሐ ትምህርቱ ላይ አዳዲስ ስሞችን መጨመር አይደለም። ስም ብንጨምር እነርሱም በቃል ይጠናሉ፤ ሠንጠረዡ ይረዝማል፤ ጉድለቱ ግን ባለበት ይቆያል። የሚፈለገው መምህሩ ከሚያስተምረው በላይ ያለውን አውቆ የተማሪውን ጥያቄ እንዳይዘጋ ነው።

፮. የማሻሻያ ሐሳቦች

ከላይ ከተነገረው በመነሣት በማሠልጠኛ ኮሌጆች ደረጃ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊፈጸሙ የሚችሉ አራት ሐሳቦች ቀጥለው ቀርበዋል።

ሀ. የሆርሞን ትምህርት ከዕጢዎች ዝርዝር ሳይሆን ከሴሉ ይጀመር። ለእያንዳንዱ መልእክት የሚጠየቁት ጥያቄዎች፤ ማን ላከው? ምን ያህል ራቀ? ማን ተቀበለው? ተቀባዩ ምን አደረገ? መልእክቱስ እንዴት ጠፋ? የሚሉ ይሁኑ። የሩቁም ሆነ የጎረቤቱ መልእክት በእነዚህ አምስት ጥያቄዎች ይዳኛል።

ለ. ስለ ሳንባ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ሳንባ ራሱ የሚመገብ አካል መሆኑን የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ይግባ። ወናፉ ይቆይ፤ ነገር ግን ምሳሌው የት ላይ እንደሚያበቃ መምህሩ በግልጽ ይናገር።

ሐ. ስለ ሴል በሚነገርበት ጊዜ «መምጠጥ» የሚለው ግሥ እየቀረ «ማስገባት» ወይም «መውሰድ» በሚለው ይተካ። ማይክሮስኮፕ ባለበት ኮሌጅ ሁሉ ደግሞ ኮንጎ ሬድ በተባለው ቀለም የዳቦ እርሾን መሞከር ይቻላል። የተቀቀለው እርሾ በቀይ ሲቀልም ሕያው እርሾ ቀለሙን ሳይቀበል ይቀራል። ሕያው ሴል በር ጠባቂ መሆኑን ከዚህ በላይ በቀላሉ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

መ. የፈተና ጥያቄ ከማስታወስ ወደ ማሰብ ይሻገር። ለምሳሌ፤ «በሁለት ሳህኖች አንድ ዓይነት የሳንባ ሴሎች አሉ። በአንደኛው ላይ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ተጨመረ። በዚህ ሳህን የገባው አሚኖ አሲድ በግማሽ ቀነሰ። መልእክተኛው ሴሎቹን ገድሏቸው ሳይሆን በራቸውን አጥብቦባቸው መሆኑን ለማረጋገጥ ምን ተጨማሪ ነገር ትለካለህ?» የሚል ጥያቄ መሣሪያ አይፈልግም፤ ወረቀትና አእምሮ ይበቁታል።

በመጨረሻ ስለ ቋንቋ አንድ ቃል እናክል። እጩ መምህሩ በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ በቃል ያጠናውን ፍቺ፣ ለሕፃናት በሚያስተምርበት ጊዜ ቃል በቃል ይተረጉመዋል። ያልገባ ነገር ሲተረጎም ያው ያልገባ ነገር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በማሠልጠኛ ኮሌጅ እያንዳንዱን ፍቺ በሚያስተምርበት ቋንቋ፣ በራሱ አነጋገርና በራሱ ምሳሌ መልሶ የማስረዳት ልምምድ የግምገማው አካል ሊሆን ይገባል።

መደምደሚያ

የሆርሞንን ምንነት በሚመለከት ሳይንስ ከስታርሊንግ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። እኛ ግን የእርሱን ጅማሬ እንደ ፍጻሜ ይዘን፣ «ከየትኛው ዕጢ?» ማለትን እንደ እውቀት ቆጥረነዋል። ፎን ኦይለርን ያህል ተመራማሪ ይህ ጥያቄ የተሳሳተ ስም እንዲያወጣ ካደረገው፣ እጩ መምህራኖቻችንን ቢያሳስታቸው አያስደንቅም። የሚያሳዝነው ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ያነሣችው ሕፃን ከክፍሉ ፊት መሳቂያ መሆኗ ነው። «ሳንባን የሚመግበው ማነው?» ብላ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች በየቤተ ሙከራው ሲከታተሉት የኖሩት ጉዳይ ከዚሁ ጥያቄ የራቀ አይደለም። እርሷን የመሰለች ተማሪ ዳግመኛ እጅዋን ስታወጣ፣ መልሱን ባያውቀው እንኳ «ጥሩ ጠየቅሽ፤ አብረን እንፈልገው» የሚል መምህር እንድታገኝ ማዘጋጀት የማሠልጠኛ ኮሌጆች ኃላፊነት ነው።